«እረፍት ከምን?» ከሳጃና እስከ ጎንደር የተጻፉ የጉዞ እቅዶች

በእንግሊዝኛ መጽሐፋችን ውስጥ አንድ ልምምድ አለ። ተማሪው የሁለት ሳምንት እረፍት አገኘሁ ብሎ ያስብና በእግርና በብስክሌት ወደ ውጭ አገር የሚሄድበትን እቅድ ይጽፋል። ወዴት? በየትኛው ወር? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር? ምን ይዘህ? በስንት ገንዘብ? እንዴት ትመለሳለህ? መጽሐፉ የታተመው ለእኛ ታስቦ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ከልምምዱ አጠገብ ባለው ሥዕል ሄልሜት ያደረጉ ባልና ሚስት አረንጓዴ ኮረብታ ላይ ብስክሌታቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሁሌ የምዘለው ገጽ ነው። የዛን ቀን ግን ደክሞኝ ስለነበር ጥያቄዎቹን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ቁጭ አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። ከዛ ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ እረፍት ከምን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። «የቤት ሥራ ነው፣ ነገ አምጡ» ብዬ አለፍኩት።

31 ደብተር ተሰበሰበ። ይህን የምጽፈው በእነዚያ ደብተሮች ምክንያት ነው፣ በተለይ በአንዱ። እሱ ጋ እስክንደርስ ግን ስለ መንገዱ ላውራችሁ፤ ከ31ዱ 19ኙ የመረጡት አንድ መንገድ ነውና። እኛ ካለንበት ከገዳሪፍ ወደ ገላባት፣ ከዛ መተማ፣ ከዛ ጎንደር። አብዛኞቻችን በእግር ወይም በጭነት መኪና ላይ የመጣንበት መንገድ ማለት ነው። ዓለም ሁሉ ክፍት ነው፣ የፈለጋችሁትን አገር ምረጡ ተብለው እነሱ የመረጡት የመጡበትን ነው።

እኔ ይህን መንገድ እንደ ሽርሽር መንገድ መጀመሪያ ያየሁት ካርቱም፣ ሳጃና ነው። ሳጃናን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከከተማው መሀል ወደ ደቡብ፣ ከዴም አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ቧንቧ፣ ሚስማር፣ ምን አለፋችሁ፣ ቤት የሚሠራበት ነገር ሁሉ እዛ ይሸጣል። ስሙ በአረብኛ «የእስር ቤት ጠባቂዎች» ማለት ነው። እኛ ሐበሾች በዚህ ስም ያልቀለድነው ቀልድ የለም። ከሻ በመጣ ቁጥር፣ ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ማፈስ ሲጀምር፣ «የሰፈሩ ባለቤቶች መጡ» እንል ነበር፤ እየሮጥን።

12ኛ ክፍል ጨርሼ ከደባርቅ ከወጣሁ በኋላ (የወጣሁበት ምክንያት ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል) ሳጃና አንድ የብሎንና የመሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነበር የምሠራው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ሊነሳ ሦስት ወር ያህል ሲቀረው፣ አንድ ፀሐይ ያቃጠለው ነጭ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ። የኋላ ዕቃ መጫኛው ብሎን ወልቆበታል። ባለሱቁ «ያ ሐበሺ፣ ና ኸዋጃውን አናግርልኝ» ብሎ ጠራኝ። ብሎኑን ፈልጌ ሳስርለት ሰውዬው ደብተር አወጣና ወዴት እንደሚሄድ አሳየኝ።

ያን ደብተር እስካሁን አልረሳሁትም። ሰንጠረዥ ነው። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ውኃ በሊትር፣ ከፍታ፣ የሚያድርበት ቦታ። ከካርቱም ወድ መደኒ፣ ከዛ ገዳሪፍ፣ ከዛ ገላባት፣ እስከ ድንበሩ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከመተማ ጎንደር ደግሞ ወደ 200። በቀን 80 ወይም 90 እየነዳ በዘጠኝ ቀን ጎንደር ለመግባት ነበር ያሰበው። ትርፍ ጎማ ይዟል፣ ማስቲሽ ይዟል፣ መድኃኒት ይዟል። ወሩንም አስቦ ነው የመረጠው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው የሱዳን ብርድ ለብስክሌት ይመቻል፤ ከዛ በኋላ ሙቀቱ ሰው ይጥላል። ያስፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መተማ ያለው 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 በላይ። «ይህ ዳገት እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። በዛ ዳገት አውቶቡስም ያለቅሳል።

ከጎንደር ቀጥሎ የጻፈውን ሳይ ግን ሆዴ ተላወሰ። ደባርቅ ይላል። አራት ቀን በእግር፣ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ። የኔ አገር! አጎቴ በቅሎ ነጂ ነበር። ልጅ ሆኜ ከፓርኩ ቢሮ ፊት ለፊት ተራ ሲጠብቅ ምሳ አደርስለት ነበር። እንግዳው ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፣ አስጎብኚና ምግብ አብሳይ ይቀጥራል፣ ዕቃው በበቅሎ ይጫናል። አንድ ኸዋጃ ተራራ ሊያይ ሲወጣ የስንት ቤት ምጣድ እንደሚሞቅ የሚያውቅ ያውቃል። ለሰውዬው ሁሉንም ነገርኩት። ከመስቀል በኋላ ቢሆን ኖሮ አደይ አበባውን ታይ ነበር አልኩት። ጭላዳዎቹ እንደማይተናኮሉ፣ ዋልያ ለማየት ጨነቅ ጠዋት መነሳት እንዳለበት ነገርኩት።

እሱም ደስ ብሎት «አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለፋሲካ» አልኩት።

ውሸት ነው። እንኳን ደባርቅ፣ ያለ ተስሪህ ገዳሪፍ መሄድ አልችልም ነበር። ሰውዬው ሁለት ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለ ዳገት ይጨነቃል። እኔ ዳገቱን በእግሬ የማውቀው ሰው ደግሞ የካርቱምን መውጫ ኬላ እፈራለሁ። የብሎኑን ሂሳብ ተቀበልኩና ሸኘሁት።

እንዲህ ያለ ሰው እሱ ብቻ አልነበረም። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በብስክሌት የሚኬድበት «ቱር ዳፍሪክ» የሚባል ጉዞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ነው፣ አራት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ሰዎች ከፍለው ነው የሚሳተፉበት። ለዓመታት ያለፈው በዚሁ በእኛ መንገድ ነው፤ ካርቱም፣ ገላባት፣ መተማ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ። ገላባትና መተማ መካከል ያለችውን ትንሽ ድልድይ የተሻገራችሁ ሁሉ በዛችው ድልድይ ላይ በውድ ብስክሌት ለደስታው የተሻገረ ሰው እንዳለ እወቁ። መንገዱ ለማንም አያዳላም። አቧራው ያው ነው፣ ውኃ ጥሙም ያው ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልግባ። ተማሪዎቼ ያወጡትን እቅድ ዛሬ ማንም፣ ፓስፖርት ያለውም ቢሆን፣ በሰላም ሊፈጽመው አይችልም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ተኩስ ተከፈተ። ወድ መደኒ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ገባች፣ በጥር 2025 ጦሩ መልሶ ያዛት። በድንበሩ ወዲያ ማዶ ደግሞ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት አለ። የምዕራብ አገሮች ለዜጎቻቸው ሱዳን አትሂዱ፣ አማራ ክልልም አትሂዱ ይላሉ። ስለዚህ ኸዋጃው የለም። ኸዋጃው ከሌለ አስጎብኚው፣ አብሳዩ፣ በቅሎ ነጂው የለም። ስሜን ተራሮች በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀንም እዛው ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ በ2017 ወጣ። ይህ እንዲሆን ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ነዋሪዎችን በ2016 ከፓርኩ ማውጣት ነበር። ተራራው ለእንግዳና ለዋልያ እንዲመች የአገሩ ሰው ቤቱን ለቆ ወረደ ማለት ነው። ከዛ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎ ይሄኛው። ለእንግዳ የተለቀቀው ቦታ እንግዳም አላገኘ። አጎቴ በቅሎዎቹን ሸጧል።

በዚያው መንገድ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጡም አሉ። ካርቱም ስትነድ ሱዳኖችና ሌሎች ስደተኞች ገላባትን ተሻግረው ወደ እኛ አገር ገቡ፣ ኩመርና አውላላ በሚባሉ ካምፖች ተቀመጡ። ታጣቂ ሲዘርፋቸው፣ ሰው ሲገደልባቸው፣ በግንቦት 2024 አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ካምፑን ትተው በእግራቸው ወጡ። እኛ ጦርነት ሸሽተን ወደነሱ፣ እነሱ ጦርነት ሸሽተው ወደኛ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዷ «ታዲያ ድልድዩ ላይ ሰላም ተባባሉ?» አለች። ልጅ ናት፣ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ በካምፑ የሚወራው ሌላ ነው። ጦሩ በመጋቢት 2025 ቤተ መንግሥቱንና አውሮፕላን ማረፊያውን፣ ቀጥሎ መላውን ካርቱም ከያዘ በኋላ «ካርቱም ተከፍቷል፣ ሥራ አለ፣ እንመለስ» የሚል ብዙ ነው። የድሮ ባለሱቄ ተመልሷል። የሳጃናን ፎቶ ላከልኝ፤ የሱቆቹ በር ተገንጥሏል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ያቺ የብሎን ሣጥን እንኳን የለችም። እንደገና ለመጀመር እያሰበ ነው፣ አላህ ይርዳው። እሱ ግን ቤቱ ነው የገባው። ያልፈነዳ ፈንጂ አለ፣ ኮሌራ ነበረ፣ መብራትና ውኃ ገና ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛ ወረቀት የካምፕ ወረቀት ነው። ቤት ሲሠራ ብረት ይሸጣል፣ ብረት ሲሸጥ ለሐበሻም ሥራ ይኖራል፣ ይህን አልክድም። ያለ ተስሪህ ተነስቶ ኬላ ላይ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ወረቀት ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው መብቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ወይ ይፈራል ወይ ይታለላል። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 26 ስደተኛ በተጠለለበት አገር ውስጥ የመዘዋወር መብት እንዳለው ይናገራል። ሱዳን በ1974 ስምምነቱን ስትቀበል ይህን አንቀጽ ለይታ ተቃውሞ አስመዝግባለች። ተስሪህ የሚባለው ነገር የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ፖሊሱ ከመሬት ተነስቶ የፈጠረው አይደለም። አንቀጽ 28 ግን ሌላ ነው፦ አገሩ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ስደተኛ ወደ ውጭ የሚጓዝበት ሰነድ እንዲሰጠው ያዛል። ሱዳን በዚህ ላይ ተቃውሞ አላስመዘገበችም። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነትም በአንቀጽ 6 ተመሳሳይ ነገር ይላል። እና ይሄ ሰነድ አለ፣ በዓለም ላይ ስደተኞች ይዘውት አውሮፕላን ይሳፈራሉ። እንደ ፓስፖርት ነው፣ ግን ቪዛ አይተካም። ወደ ሸሸህበት አገር ለመግባትም አይደለም።

ቪዛውም የራሱ ዳገት አለው። ሳጃና የመጣው ሰውዬ ሁለቱንም ቪዛ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የመጣው። ከኛ አንዱ በሰውዬው አገር ተራራ ላይ ሁለት ሳምንት ልሂድ ቢል፣ አገሩ ሸንገን ውስጥ ከሆነ፣ 90 ዩሮ የማይመለስ የማመልከቻ ክፍያ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የሚያድርበት ቦታ፣ የባንክ ደብተር፣ እና ዋናው፣ ተመልሶ እንደሚሄድ ማስረጃ ይጠየቃል። ኤምባሲው የሚያየው የመጨረሻውን ነው። የምትመለስበት ቤት፣ ሥራ፣ ሀብት አለህ? ሽርሽር ማለት ለእነሱ መመለሻ ያለው ጉዞ ነው። እኛ መመለሻ ስለሌለን ነው ስደተኛ የተባልነው፤ ስለሌለንም ነው የሚከለክሉን። ንዴቴን ደብቄ መጻፍ አልቻልኩም፣ ይቅርታ።

እንግዲህ ወደዛ ደብተር ልምጣ።

ልጁ 17 ዓመቱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ክፍሉንም አልናገርም። የሱ እቅድ ጎንደር አይልም። ሰንጠረዡ ግን ከሁሉም የተሻለ ነበር። ቀን በቀን፣ የት እንደሚያድር፣ ስንት ሊትር ውኃ፣ ስንት ገንዘብ ለማን፣ የማን ስልክ። በረሃውን አቋርጦ ኩፍራ፣ ከኩፍራ ባሕር። የቤት ሥራ መስሎት አልሠራውም፤ የሚያስበውን ነው የጻፈው። ምናልባትም እንዳየው ፈልጎ። በካምፕ ውስጥ «ጉዞ» ሲባል ሊቢያ ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ካርቱምም እያለን እንዲሁ ነበር። ሳጃናና ዴም ከኔ ጋር አንድ ክፍል የተጋሩ ልጆች ማታ «ነገ እንነሳለን» ብለው ያደሩበትን ፍራሽ ጠዋት ለሌላ ይሰጡ ነበር። አውሮፓም ያውቀው ነበር፤ በኅዳር 2014 ሮም ላይ ስደትን ለመቆጣጠር ከኛ አካባቢ አገሮች ጋር የተስማሙት ስምምነት «የካርቱም ሂደት» ነው የሚባለው፣ በከተማዋ ስም።

ልጁን አስጠርቼ ልቆጣው ነበር። ከዛ ደግሞ ምን ብዬ? በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ከቆረጠች ወዲህ የካምፕ ሕይወት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናየዋለን። «ታገስ» ለማለት አፍ ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ አስተማሪ አረምኩት። እንደ ሳጃናው ሰውዬ ደብተር አድርጌ፣ ዓምድ በዓምድ።

መንገዱ ጋ ጻፍኩለት፦ ሱዳን፣ ሊቢያና ግብፅ የሚገናኙበትን ድንበር በሰኔ 2025 ፈጥኖ ደራሹ ይዞታል፤ እቅድህ የጦር ግንባር ያቋርጣል። ማደሪያው ጋ ጻፍኩለት፦ በየካቲት 2025 ኩፍራ አካባቢ የስደተኞች የጅምላ መቃብር ተገኝቷል። ገንዘቡ ጋ፦ ደላላው መንገድ ላይ ዋጋ ቢጨምርብህ ከየት? ብስክሌተኛው ቢደክመው ያርፋል፣ ቢታመም ይመለሳል፣ ቢዘርፉት ኤምባሲው ይደውልለታል። አንተስ ማን? ይህን ዓምድ አንተ አላሰመርከውም፤ እኔ አሰመርኩልህ። መጨረሻ ላይ፣ መጽሐፉ «እንዴት ትመለሳለህ?» ብሎ የጠየቀው ጋ፣ ባዶ ትቶት ነበር። ባዶነቱን ቀለበት አደረግሁበት።

ከታች ደግሞ ሌላ ሰንጠረዥ ጀመርኩለት፣ የሚያዘግም ግን መሬት የረገጠ። ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ስደተኞች በተጠለሉበት አገር የሚከፍል «ዳፊ» የሚባል የጀርመን ስኮላርሺፕ አለ፣ ከ1992 ጀምሮ። ካናዳ «ዉስክ» የሚባል ድርጅት ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ይወስዳል። ጣሊያን «ዩኒኮር» በሚባል መንገድ በ2019 የጀመረችው ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩ ስደተኛ ተማሪዎች ነው፤ እነሱ በአውሮፕላን ነው የሄዱት። ቦታው ጥቂት ነው፣ ሁሉም አገር ላለ ካምፕ ሁሉም አይከፈትም፣ ሁሉም የትምህርት ማስረጃና የስደተኛ ምዝገባ ይጠይቃል። ይህን ስጽፍ ልጁ የ12ኛ ክፍል ወረቀት እንኳን ገና እንደሌለው አውቃለሁ። እኔ አለኝ፣ ግን እኔም እዚሁ ነኝ። ይህንንም አልደበቅሁትም።

አንዷ ተማሪ ደግሞ ሴት ልጅ ብስክሌት ወደ ውጭ አገር ይዛ ትሄዳለች ወይ ብላ ጽፋ ነበር፣ በእቅዱ ፋንታ። እየሩ ገብሩን ነገርኳት። የትግራይ ልጅ፣ ብስክሌተኛ፣ ጦርነቱ አገር አልባ ያደረጋት፣ በ2024 ፓሪስ ላይ 37 ስፖርተኞች በነበሩበት የስደተኞች የኦሎምፒክ ቡድን ውስጥ የተወዳደረች። በዚያው በጋ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አንደኛ ወጥቶ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ክፍሉ በሙሉ ስለ ቢንያም ያውቃል፤ ስለ እየሩ የሰማ አልነበረም። በካምፑ ያለችው አሮጌ ፊኒክስ አሁን ከትምህርት በኋላ ወረፋ አላት፣ ሴቶቹም ገብተውበታል። ፍሬን የላትም፣ እግራቸውን ነው የሚጎትቱት።

ለልጁ ከ10 ስምንት ሰጠሁት። ሁለቱን የቀነስኩት ስለ መመለሻው ነው አልኩት። «ቲቸር፣ የጎንደሮቹም እኮ መመለሻ የላቸውም» አለኝ። ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። 19ኙም ጎንደር ሲገቡ ነው እቅዱ የሚያልቀው። እነሱ ግን ያልጻፉት የሚመለሱበት ስላጡ አይመስለኝም።

ውጤቱን አላስተካከልኩም። ሰኞ ልጁ ክፍል መጣ። ማክሰኞ ቀረ፤ ቤታቸው ሰው ላክሁ፣ እንጨት ለቀማ ሄዷል አሉኝ። ረቡዕ መጣ።